መዝገቡና ቤቱ፤ ስለ አነስተኛ ንግድ የሚጻፉ ጥናቶች ከፉሪ ሲመዘኑ

በኢትዮጵያ ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ የንግድ ተቋማት የሚጻፈው ጥናት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ እጅግ በዝቷል። ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ በየዩኒቨርሲቲው የሚቀርበው፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚወጣው፣ እንደዚሁም ከውጭ አገር ምሁራን ጋራ በኅብረት የሚታተመው ቢሰበሰብ ሰፊ መደርደሪያ ይሞላል። ይህ ሁሉ ድካም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የጥናት ብዛት ብቻውን ዕውቀትን አያሳድግም፤ ስለዚህ በዚህ ሐተታ የሚመረመረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፣ እነዚህ ጥናቶች የሚቆጥሩት ነገር በእርግጥ ንግዱን የሚያካሂደው ነገር ነውን? የሚል ነው። መልሱ በአጭር ቃል ሲነገር፣ አብዛኞቹ የቆጠሩት መዝገቡን ነው፤ ንግዱን የሚያካሂደው ግን ቤቱ ነው።

ለመመዘኛ ፉሪ መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ስሙን ከያዘው ተራራ አጠገብ፣ ወደ ሰበታ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኝ አካባቢ ነው። በ2009 ዓ.ም. በመስከረም የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር መሥመር ለዋና ከተማዪቱ መንገደኞች ያለው ጣቢያ ፉሪ-ለቡ ተብሎ በሁለት ስም መጠራቱ የቦታውን ጠባይ በሚገባ ይገልጻል፤ አንዱ ስም ከከተማው ዳር፣ ሁለተኛው ከከተማው ውስጥ የመጣ ነውና። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በሸገር ከተማ ስም ሲጠቃለሉ ፉሪ ከክፍለ ከተማዎቹ አንዱ ሆነ። ስለዚህ በፉሪ የሚያድር፣ በለቡ ወይም በጀሞ የሚሸጥ፣ ዕቃውንም ከመርካቶ የሚያመጣ ሰው በየቀኑ ሁለት አስተዳደሮችን ያቋርጣል። የጥናት ዘዴ ጠንካራ ወይም ደካማ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ወሰን ላይ ነው።

አስቀድሞ የተለመደውን የጥናት አሠራር ማስረዳት ይገባል። ተመራማሪው ከከተማው ጽሕፈት ቤት የተመዘገቡትን ተቋማት ዝርዝር ይቀበላል። ቀጥሎ ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው የስታቲስቲክስ መጽሐፋቸው ባስቀመጡት ቀመር መሠረት የናሙናውን መጠን ይወስናል። በዚህ ቀመር፣ የስሕተቱ ልክ ከመቶ 5 ሲሆን፣ ዝርዝሩ 1,000 ተቋማት የያዘ እንደ ሆነ 286፣ 10,000 የያዘ እንደ ሆነ 385 ይመረጣሉ። ከዚያ በኋላ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «በጣም አልስማማም» እስከሚለው ድረስ አምስት ደረጃ ያለው መጠይቅ ይታደላል። ውጤቱም፣ የገንዘብ እጥረት፣ የመሥሪያ ቦታ እጥረት፣ የገበያ ትስስር ማነስና የሥልጠና ጉድለት ዋና መሰናክሎች ናቸው ተብሎ በሠንጠረዥ ይጻፋል። የከተማው ስም ቢለወጥ የሰበታው ጥናት ለቡራዩ፣ የቡራዩውም ለሱሉልታ ሊያገለግል የሚችል ይመስላል። አንባቢ አሥረኛውን ጥናት ከማንበቡ በፊት መደምደሚያውን ማወቁ፣ መሰናክሎቹ እውነት መሆናቸውን አያስተባብልም፤ መጠይቁ ከራሱ ዓረፍተ ነገሮች ውጭ ምንም ሊሰማ እንደማይችል ግን ያሳያል።

ለእነዚህ ጥናቶች ፍትሕ ለመስጠት፣ ቁጥር የማይጠቅም ነው አይባልም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በ1988 ዓ.ም. እና በ1995 ዓ.ም. ስለ ከተማ ኢመደበኛ ሥራ ባደረጋቸው የናሙና ቆጠራዎች፣ ፈቃድ የሌላቸውንና የተሟላ የሒሳብ መዝገብ የማይዙትን ሥራዎች እየፈለገ ከመኖሪያ ቤት ድረስ ገብቷል። ይህ መልካም ምሳሌ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ጥናቶች ቆጣሪው የገባበትን በር ትተው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ መመለሳቸው ነው።

የመዝገቡን ታሪክ መመርመር የችግሩን ሥር ለማወቅ ይረዳል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ተቋማትን የለየው በተከፈለ ካፒታል ሲሆን፣ እስከ 20,000 ብር ያለውን ጥቃቅን፣ ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ብር ያለውን አነስተኛ ብሎ ሰየመ። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ ደግሞ የሰው ቁጥር ጨመረበት። በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከባለቤቱ ጋራ እስከ 5 ሰው የሚሠራበትና ሀብቱ ከ100,000 ብር ያልበለጠ ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚሠራበትና ሀብቱ ከ1.5 ሚሊዮን ብር ያልበለጠ አነስተኛ ተባለ፤ ለአገልግሎት ዘርፍ የሀብቱ ጣሪያ 50,000 እና 500,000 ብር ሆነ። ይህ ልክ ብድር ለማደል፣ የመሥሪያ ቦታ ለመስጠትና ሪፖርት ለማቅረብ የተሠራ የአስተዳደር መለኪያ ነው። ጽሕፈት ቤት ያለ መለኪያ ሊሠራ አይችልምና በዚህ የሚነቀፍ የለም። ነቀፋው የሚገባው የአስተዳደሩን መለኪያ እንደ ተፈጥሮ ልክ ቆጥሮ፣ በዚያ ሚዛን ውስጥ ያልገባውን ንግድ እንደሌለ ለሚያደርገው ተመራማሪ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቃል ጉዳይ ነው። በዛሬው አማርኛ «ሥራ ፈጣሪ» የሚለው ስም እጅግ ተለምዷል። በፈረንሳይኛ የተገኘው ጥንታዊ ቃል ግን ትርጉሙ አንድን ነገር በራሱ ኀላፊነት የሚይዝ፣ የሚጀምር ማለት ነው። ሪሻር ካንቲዮን ካለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1755 በታተመው መጽሐፋቸው ይህን ሰው የገለጹት በታወቀ ዋጋ ገዝቶ በማይታወቅ ዋጋ የሚሸጥ በማለት ነበር፤ በዚህም ሚዛን ውኃ ቀጂውንና የጭስ መውጫ ጠራጊውን ሳይቀር ከዚሁ ወገን ቆጠሩ። ፍራንክ ናይት እ.ኤ.አ. በ1921 ሊለካ የሚችለውን አደጋ ሊለካ ከማይችለው እርግጠኛ አለመሆን ለይተው ትርጉሙን አጠነከሩት። የአማርኛው ስም ግን ዐይንን ከዕለቱ ሥጋት ወደ ተቀጣሪ ቁጥር መለሰው፤ ሥራ ፈጣሪ ማለት ለሌሎች የሥራ ዕድል የከፈተ ማለት ሆነና ሪፖርቱ ሁሉ «ስንት የሥራ ዕድል ተፈጠረ» በሚል ቁጥር ተሞላ። ጤፍ በዛሬ ዋጋ ገዝታ፣ ነገ ማን እንደሚገዛት ሳታውቅ ሌሊት እንጀራ የምትጋግር የፉሪ ሴት በካንቲዮን ሚዛን ሙሉ ባለ ማዕርግ ናት፤ በሪፖርቱ ሚዛን ግን ማንንም አልቀጠረችምና ከቁጥር አትገባም።

ሦስተኛው ሐሳብ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ዴቪድ ማክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ የአገሮች የኤኮኖሚ ዕድገት በሰዎች ልብ ካለው የስኬት ፍላጎት ጋራ የተያያዘ ነው ብለው አስተማሩ። ይህ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና በተጀመረውና የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ በሚመራው ኤምፕሬቴክ በተባለው ሥልጠና ውስጥ ተካተተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራውን በጀመረው የኢትዮጵያ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል በኩልም ወደ አገራችን ገባ። ሥልጠናው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በቶጎ 1,500 በሚሆኑ ትናንሽ ነጋዴዎች ላይ ስለ ተደረገ ሙከራ የታተመው ጥናት፣ በራስ ተነሣሽነት ላይ ያተኮረው ሥልጠና ትርፍን ከመቶ 30 ያህል ከፍ እንዳደረገ አመልክቷል። ነገር ግን ከሥልጠናው ጋራ አንድ ያልተመረመረ እምነት አብሮ ገብቷል፤ ይኸውም ንግድ የአንድ ሰው የልብ ጠባይ ፍሬ ነው የሚለው ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» በሚል አገር ይህ እምነት ሳይፈተን ሊያልፍ አይገባውም ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል አንድ ቤት በሐሳብ ይታይ። ባልየው የብረት በርና መስኮት የሚበይድበት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሚስቲቱ በጓዳዋ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ በግቢው አንድ ክፍል ተከራይ አለ፤ የበኵር ልጃቸው የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሴትየዋ በሠፈሩ ሴቶች ዕቁብ አለች። ዕቁቡ ሲወጣላት፣ ባልየውም የብየዳ መኪናውን ሸጦ ጨመረበትና ለልጁ ባጃጅ ተገዛ፤ ባልየው ከዚያ በኋላ ከሌላ ባለ ሱቅ ዘንድ በቀን ሒሳብ ይበይዳል። በሚቀጥለው ዓመት መጠይቅ ይዞ የመጣው ተማሪ ሱቁን ተዘግቶ ያገኘዋል፤ በሠንጠረዡም «በካፒታል እጥረት የወደቀ ተቋም» ብሎ ይጽፈዋል። እንጀራው ድሮም አልተመዘገበም፤ ባጃጁ በትራንስፖርት ዘርፍ «አዲስ የተፈጠረ የሥራ ዕድል» ሆኖ በሌላ ሪፖርት ይገኛል። አንዱ ቤት ሀብቱን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ጥናቱ ግን አንድ ሞትና አንድ ልደት መዘገበ።

እንዲህ ያለው ስሕተት በቀመር አይታረምም። 286 የሚለው ቁጥር ወደ 2,860 ቢያድግ፣ ያው የተሳሳተ ነገር አሥር እጥፍ ተቆጠረ ማለት ነው።

የጊዜውም ነገር ከዚህ ጋራ ይያያዛል። ለዲግሪ ማሟያ የሚቀርብ ጽሑፍ በዓመቱ መጨረሻ መድረስ ስላለበት፣ መጠይቁ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ቢታደል የሚያስገርም አይሆንም። ይህ ወራት ግን ባብዛኛው ዐቢይ ጾም የሚውልበት ነው። ሱሉልታ በወተትና በድርቆሽ የታወቀ አገር ነው፤ የወተት ገበያ በጾም እንደሚቀዘቅዝ፣ ከፋሲካ በኋላ እንደሚነሣ ላም ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በጾሙ የተጠየቀው ወተት ሻጭ «የገበያ እጥረት አለ» በሚለው ዓረፍተ ነገር በጣም ይስማማል፤ በፋሲካ ማግሥት ቢጠየቅ መልሱ ይለወጥ ነበር። እንደዚሁም ብሎኬት የሚያመርተው በክረምት፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ያለበት በመስከረም ይጨነቃል። ዓመቱን ሙሉ ያልተከታተለ ጥናት የአንዱን ሳምንት ስሜት የንግዱ ጠባይ አድርጎ ያትማል።

የሚያስደንቀው፣ ለዚህ ሁሉ የሚረዳ ዕውቀት በአገራችን አስቀድሞ የተጀመረ መሆኑ ነው። አስፋው ዳምጤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ስለ ዕቁብ ጽፈዋል። ክሊፎርድ ጊርትዝ በየተራ ስለሚወጣ የቁጠባ ማኅበር የጻፉት የታወቀ ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962፣ የሸርሊ አርድነር የማነጻጸሪያ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባው ተማሪ ከሁለቱም ቀድሞ ነበር። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብ ያሳተሙት መጽሐፍም፣ በከተማ ንግድ ስሙ የገነነው ወገን ከእንሰት አገሩ ጋራ ያለውን ትስስር ለማወቅ ዛሬም የሚጠቅም ነው። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ከዓለም ገና ተነሥቶ እስከ ወላይታ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የተቋቋመውን ማኅበር መርምረዋል። ዓለም ገና የፉሪ ጎረቤት ናት። የመንገድ ማኅበር እንዴት የከተማ ነዋሪን ከትውልድ አገሩ ጋራ እንደሚያስተሳስር የተረዳ ሰው፣ ለዛሬው የፉሪ ሱቅ ገንዘቡ፣ ሠራተኛውና ዋሱ ከየት እንደሚመጣ ለመጠየቅ ባልተቸገረ ነበር። ከዚህም በኋላ ደጀኔ አረዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ዕቁብን፣ ዕድርንና የቁጠባና ብድር ማኅበራትን በኤኮኖሚ ዐይን መርምረው ሁለቱን ትምህርቶች ለማቀራረብ ሞክረዋል።

በውጭም አገር እንዲሁ ነው። ፖሊ ሂል እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጋና የካካዎ ገበሬዎች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰነፍ ተብሎ የተናቀው ገበሬ መሬት እየገዛ፣ ትርፉን መልሶ ሥራ ላይ እያዋለ የተጓዘ ባለ ሀብት መሆኑን አስረድተዋል። ኪት ሃርት በአክራ ከተማ ከኖሩበት ጥናት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1971 በተደረገ ጉባኤ ያቀረቡትና በ1973 ያሳተሙት ጽሑፍ «ኢመደበኛ» የሚለውን ስያሜ ለዓለም አስተዋወቀ። ይህ ስያሜ የተገኘው ከሕዝቡ ጋራ አብሮ በመኖር ነው። በኋላ ግን ራሱ የመጠይቅ ሣጥን ሆነ፤ የተወለደበትን ዘዴ ረስቶ በሠንጠረዥ ውስጥ ተቀመጠ።

ሆኖም የኢትኖሎጂው ወገን ያለ ነቀፋ ሊያልፍ አይገባውም። ስለ ዕቁብና ዕድር የሚጽፍ ሰው መተማመንን ማሞገስ ይወዳል፤ ዕቁብ ግን ያለ ዋስ አያስገባም። የመጀመሪያውን ዕጣ የሚወስድ ቀሪውን ክፍያ እንዲጨርስ ዋስ ይጠየቃል፤ በሠፈሩ አዲስ የሆነ፣ ዘመድ የሌለው፣ ገቢው በየቀኑ የሚለዋወጥ ሰው ይህን ዋስ ለማግኘት ይቸገራል። በፉሪ ደግሞ አዲስ ገቢው ብዙ ነው። ስለ ማኅበሩ የሚጻፈው ከማኅበርተኞች አፍ ብቻ ከሆነ፣ ከደጅ የቀረው ሰው ከዚህም ጥናት ይጠፋል። ከመዝገብ የወደቀውን ለማንሣት የመጣ ዘዴ ከዕቁብ የወደቀውን ቢረሳ፣ ያው ስሕተት በሌላ ልብስ ተደገመ ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ቸል የሚሉት ሌላም ነገር የሕግ ትዝታ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ፋቂው በሙያቸው ይናቁ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ስድሳ ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በ1968 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 76 ደግሞ የግል ነጋዴ ካፒታል በጅምላ ከ300,000፣ በችርቻሮ ከ200,000፣ በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህ ገደብ የቅይጥ ኤኮኖሚ መመሪያ በ1982 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ቆየ። ማደግ ለሀብት መወረስና ለክስ ያጋልጥ በነበረበት ዘመን የነገደ ቤት፣ ሥራውን ከፋፍሎ ማኖርንና ሀብቱን አለመናገርን ለልጆቹ ቢያስተምር ጥበብ ነው። ዛሬ መጠይቁ «የዓመት ሽያጭዎ ስንት ነው» ሲል፣ መልስ ሰጪው ከፊቱ ያለውን ተማሪ ከግብር ሰብሳቢ ሊለየው አይችልም። አንድ ተቋም ለምን «ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ አልተሸጋገረም» ብሎ የሚጠይቅ ጥናት፣ ትንሽ ሆኖ መታየት ራሱ የተመረጠ ጥበቃ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል።

በዚህ ዘርፍ ከወጡት ጥናቶች ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው የክሪስቶፈር ብላትማንና የስቴፋን ደርኮን ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚህ ጥናት በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ወገን የፋብሪካውን ሥራ፣ ሁለተኛው 300 የአሜሪካ ዶላር ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋራ አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ ቀረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ፋብሪካ ከገቡት ብዙዎቹ ሥራውን ለቀቁ፤ ገቢያቸው ከሌሎቹ አልተሻለም፣ ጤናቸውም ተጎዳ። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው ከመቶ 33 ያህል ከፍ አለ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጥናቱ ለአነስተኛ ንግድ ታላቅ ምስክር ይሆን ነበር። ደራሲዎቹ ግን ከሲሞን ፍራንክሊን ጋራ ሆነው ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈለጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤትም በሦስቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ሁሉ ማለት ይቻላል ጠፍቶ ተገኘ። የራሳቸውን መልካም ወሬ በራሳቸው እጅ ማረማቸው ለማንኛውም ተመራማሪ ምሳሌ ነው።

ልዩነቱ ለምን ጠፋ ለሚለው ጥያቄ ግን ሙከራው ብቻውን በቂ መልስ አይሰጥም። ዕጣው የወጣው ለግለሰብ ነው፤ ዋናው ሚዛንም የግለሰቡ ገቢ፣ ሥራና ጤና ነው። 300 ዶላሩ በአምስት ዓመት ውስጥ የወንድም የትምህርት ወጪ፣ የእናት መታከሚያ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ወይም የዘመድ የንግድ መነሻ ሆኖ እንደሆነ የሚታወቀው ቤቱን ተከትሎ በመሄድ ነው። ገንዘቡ «ጠፋ» ማለትና ገንዘቡ «ወደ ቤቱ ገባ» ማለት ለፖሊሲ የሚያስከትሉት ነገር እጅግ የተራራቀ ነው። በመጀመሪያው ትርጉም ዕርዳታው ከንቱ ሆነ ይባላል፤ በሁለተኛው ግን ሌላ ሥራ ሠርቷል።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስል፣ በፉሪና በዙሪያው ላለ ሰው የሚያመጣውን ጉዳት መግለጽ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ በ2008 ዓ.ም. በጥር የተተወው፣ የዙሪያው ገበሬ መሬቱን አጣለሁ ብሎ ስለ ፈራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው የተባሉ ቤቶች መፍረሳቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት አመልክቷል። በእንዲህ ያለ አካባቢ «የመሥሪያ ቦታ እጥረት» የሚለው የሠንጠረዥ መስመር ከባዱን ነገር በቀላል ቃል ይሸፍናል። የእንጀራ ጋጋሪዋ መኖሪያና መሥሪያ አንድ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ምጣዱና ኤሌክትሪኩ፣ በዱቤ የሚሰጣት የእህል ነጋዴ፣ ጠዋት የሚረከባት ደንበኛ፣ ዋስ የሆናት የዕቁብ ጎረቤት፣ የምታዋጣበት ዕድር፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይበተናሉ። የከተማው መዝገብ ግን አንድም ተቋም አልጎደለበትም፤ አስቀድሞ አልነበረችበትምና። ካሳ የሚተመነው በመዝገብ፣ ብድር የሚሰጠው በመዝገብ፣ ጥናቱም የሚሠራው በዚያው መዝገብ ከሆነ፣ የዚህች ሴት ኪሳራ በየትም ቦታ አይጻፍም። ተመራማሪው ገለልተኛ ነኝ ቢልም፣ በዝምታው ከቆጣሪው ጋራ ተባብሯል።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ነገሩ ከአቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የጥናቱ አሐድ ቤተ ሰቡ ሊሆን ይገባል፤ ማን ምን ይሠራል፣ ገንዘቡ ከየትኛው ሥራ ወደየትኛው ይሄዳል፣ ፈቃዱስ በማን ስም ነው ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ከ385 ሰዎች አንድ ጊዜ ከሚሰበሰብ መጠይቅ ይልቅ፣ አርባ ቤቶች ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በየወሩ ቢጎበኙ የሚገኘው ዕውቀት ይበልጣል፤ ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ደግሞ እጅግ መልካም ነው። ሦስተኛ፣ ጥናቱ በአስተዳደር ወሰን አይቁም፤ ፉሪን የሚያጠና ለቡንና መርካቶን ይከተል። አራተኛ፣ በፉሪ የሚጠይቅ ሰው ከአማርኛ ጋራ ኦሮምኛ ማወቅ አለበት፤ መጠይቅን በአስተርጓሚ አፍ ማንበብና ቤተ ሰብ ስለ ገንዘቡ ሲነጋገር መስማት አንድ አይደሉም። አምስተኛ፣ ከዕቁብና ከብድር ውጭ የቀረው ሰው ሆን ተብሎ ይፈለግ።

እነዚህ ሐሳቦች ለተማሪ ከባድ ናቸው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተማሪው ጊዜ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ መርማሪዎቹም ቀመርና ሠንጠረዥ ይጠይቁታል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ስለዚህም ኀላፊነቱ ከተማሪው ይልቅ በመምህራኑ ላይ ይወድቃል። አንድ ተማሪ ብቻውን ያልቻለውን፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎች በአንድ መምህር መሪነት እያንዳንዳቸው የአንድ ወር ጉብኝት ይዘው ያንኑ መንደር ቢከተሉ ይችሉታል። እንዲህ ያለው ሥራ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀመረውን አንድ ዓይነት ጥናት ያስቀራል፤ ከጊዜ በኋላም የሚመጣው ተመራማሪ የሚያነጻጽርበት መሠረት ይተውለታል።

መንግሥት መዝገብ ሊኖረው ይገባል፤ ግብርም ብድርም ያለ መዝገብ አይሆኑምና። የምሁሩ ሥራ ግን ያንን መዝገብ በሌላ ሠንጠረዥ መገልበጥ አይደለም። ምሁሩ የሚፈለገው መዝገቡ ያላየውን ለማየት፣ አይቶም ለመመስከር ነው። በፉሪ ገና ሳይነጋ የሚጤሰው የእንጀራ ምጣድ የማንን ቤት እንደሚያቆም ሳይታወቅ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሥራ ፈጣሪ የሚጻፈው መደምደሚያ ሁሉ ገና በእንጥልጥል ያለ ነው።